ተያዥ ማቅረብ የምትችል

ማስታወቂያውን ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው። «የሽያጭ ባለሙያ። ብዛት 6። ጾታ አይለይም። የሥራ ልምድ 0 ዓመት። ደመወዝ በስምምነት፣ ማራኪ ኮሚሽን አለው። የሥራ ቦታ ደሴ። ተያዥ ማቅረብ የሚችል/የምትችል።» ጊዜው 2015 ዓ.ም.፣ ነሐሴ ነበር። ከተመረቅሁ ዓመት ከምናምን ሆኖኛል። እኛ ቤት፣ ኮምቦልቻ፣ «ሥራ አጥ» የሚባል ቃል አይነሳም። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «እያመለከተች ነው» ነው የምትለው። ስሰማት ማመልከት ራሱ ደመወዝ ያለው ሥራ ይመስለኛል።

«0 ዓመት» የምትለዋን ሳይ ለእኔ የተጻፈች መሰለኝ። የመጨረሻዋን መስመር ብዙም ልብ አላልኳትም። ዛሬም ድረስ የምትከነክነኝ ግን እሷ ናት።

ከኮምቦልቻ ደሴ ሩቅ አይደለም፤ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ግን ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲያያዘው አየሩ ይቀየራል። እኛ ታች ሞቆን እንውላለን። ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ነሐሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳ ላይ ይተኛል። እኔ ለኢንተርቪው ብዬ ስስ ነጭ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ጃኬት ብደርብበት ሸሚዙ አይታይም ብዬ እቤት ትቼው መጣሁ። ጅል ነበርኩ። ስገባ እየተንቀጠቀጥኩ ስለነበር ጠያቂው «አትፍሪ፣ ዘና በይ» አለኝ። በርዶኝ ነው ማለት አሳፈረኝ።

ቢሮው ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ነው። ድርጅቱ ትንሽ ጀማሪ ነበር፤ እነሱ «ስታርታፕ» ይሉታል። ባለሱቆች ከጅምላ አከፋፋይ በስልክ ዕቃ የሚያዙበት አፕ ሠርተዋል። ኮሪደሩ ላይ አሥራ አራት ሰው ተደርድረናል፤ ወንበሩ ስምንት ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ የተመረቀ አለ። ልጇን ለእናቷ ትታ የመጣች አለች። ከሐይቅ በሌሊት ተነስቶ የመጣ አለ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ቀን የተማርኩት አብዛኛው ነገር ከክፍሉ ውስጥ ሳይሆን ከኮሪደሩ ነው።

አንድ ሰው በወጣ ቁጥር «ምን ጠየቁህ? ምን ጠየቁሽ?» ብለን እንከበዋለን። የመጀመሪያው ልጅ ላብ በላብ ሆኖ ወጣና «እስክሪብቶ ሽጥልኝ አለኝ» አለ። ይቺ ከፊልም የወጣች ጥያቄ ዓለምን ዞራ ደሴ ገብታለች። አምስተኛው ሰው ሲገባ ሁላችንም መልሳችንን አዘጋጅተን ጨርሰናል። የሐይቁ ልጅ እስክሪብቶውን ተቀብሎ «እዚህ ላይ ስምህን ጻፍልኝ» ብሎ ወረቀት አቀረበለት አሉ። ጠያቂው በምን ይጻፍ? ልጁ በጣም ኮርቶ ወጣ። ኢንጂነሩ ስለ ቀለሙ ጥራትና ስለ ፕላስቲኩ ሲያስረዳ ሩብ ሰዓት አለፈ። እኔ ምን እንዳልኩ አሁን አላስታውስም። «ይህ እስክሪብቶ ሕልምዎን ይጽፋል» የሚል ነገር ይመስለኛል። እንኳን ረሳሁት።

የማልረሳው የአንዷን ነው። ጥቁር ሂጃብ ያደረገች፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ስትወጣ ሳትጠየቅ ሄዳ ጥጓ ላይ ቆመች። ለምነን ነው የነገረችን። እስክሪብቶውን ተቀብላ «ታናሽ እህት ወንድም አለህ?» ብላ ጠየቀችው። አዎ፣ ሦስት አሉኝ አላት። «ይማራሉ?» ይማራሉ። «መስከረም ሊገባ ነው። ይቺ አንዷ ለማንኛቸው ልትሆን ነው? ለሦስቱ ያጣላል። ደርዘኑን ውሰድ፣ ዋጋውን እኔ አስተካክልልሃለሁ።» ሁላችንም ዝም አልን። የት ተማርሽው አልናት። ሰኞ ገበያ አክስቷ ዘንድ ልብስ መሸጥ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል።

ሲቪዋን አየሁት። «የሥራ ልምድ፦ የለኝም» ይላል።

ለምን አልጻፍሽውም ስላት ገረማት። «እሱ እኮ ሥራ አይደለም፣ አክስቴን ማገዝ ነው» አለችኝ። ጠያቂዎቹም ቢሆኑ ወረቀቱን አይተው ዜሮ ብለው ነው የመዘገቧት። እኔ አራት ዓመት ማርኬቲንግ ተምሬ ስለ ሕልም የሚጽፍ እስክሪብቶ አወራሁ። እሷ በሁለት ጥያቄ ደርዘን ሸጠች። ለሽያጭ ሰው የሚመርጡ ሰዎች ይህን ማየት ካቃታቸው ምን ሊያዩ ነው የተቀመጡት? ይህን ያኔ አላሰብኩትም። ያኔ ያሰብኩት «ከስድስቱ አንዷ ቦታ ሄደች» ብዬ ነው።

የእኔ ኢንተርቪው ግማሹ የሥራ አስኪያጁ ንግግር ነበር። ከእኔ በሦስት አራት ዓመት ቢበልጥ ነው። ወሎን በሙሉ፣ ከዚያ መላ አገሪቱን እንዴት እንደሚያዳርሱ አወራልኝ። ደስ ይላል፤ ዓይኑ ያበራል። «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ?» አለኝ። የመለስኩት ለዚሁ ጥያቄ የተሸመደደውን ነው። እኔ ግን አንድም ነገር አልጠየቅሁትም። ስንት ሱቅ እየተጠቀመባችሁ ነው? ኮሚሽኑ የሚታሰበው ሱቅ ሲመዘገብ ነው ወይስ ዕቃ ሲገዛ? ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረው ሰው የት ሄደ? ይህን ሁሉ ያሰብኩት ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው።

ደመወዝ ላይ ደረስን። «ስንት ትጠብቂያለሽ?»

«በድርጅቱ ስኬል» አልኩ። ሁላችንም እንዲህ ነው የምንለው።

«ስኬል የለንም፤ አንቺ ንገሪን።»

ስድስት ሺህ አልኩ። ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ ጻፈው። ያኔ ነው ዝቅ እንዳደረግሁት የገባኝ። ቀጥሎ ግን እሱ ራሱ አወረደው፦ መነሻው ሦስት ሺህ፣ ቀሪው ኮሚሽን። ኮሚሽን ሕጉ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ፣ ሕግ ከተማረች ጓደኛዬ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ኮሚሽንን ከደመወዝ አይቆጥረውም። እንደ ትርፍ ሰዓትና እንደ አበል ከደመወዝ ውጪ ነው ያስቀመጠው። በደመወዝ ልክ የሚሰላ ነገር ሁሉ ታዲያ በዚያች ሦስት ሺህ ነው የሚሰላው ማለት ነው። የግል ድርጅት ደግሞ ከዚህ በታች አትቀጥርም የሚባልበት አገር አቀፍ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። ግብር ሲመጣ ግን ኮሚሽኑም ገቢ ነው። ጓደኛዬ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ እኔ አልሳቅሁም።

ከአሥራ አራታችን ስምንታችንን ለሁለት ቀን ሙከራ ጠሩን። «ፊልድ ውጡና እንያችሁ» ነው የተባለው። ክፍያ የለም፤ ታክሲም በራሳችን ነው። አዋጁ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ እንዲሆንና ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ያዛል። በሙከራ ላይ ያለ ሰውም መብቱ በመሠረቱ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ነው። የእኛው ግን ሙከራም አልተባለም። «የኢንተርቪው ሁለተኛ ዙር» ነው የተባለው። ስም ሲቀየር ብር ይቀራል።

ጠዋት ላይ አጭር ሥልጠና ሰጡን። «ሊፍት ውስጥ ከባለሀብት ጋር እንደገባችሁ አስቡ፤ 30 ሰከንድ ብቻ ነው ያላችሁ» አሉን። የሐይቁ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ደሴ ላይ የሚሠራ ሊፍት የት ነው ያለው?» አለኝ። በሳቅ ልሞት። ከዚያ በራሪ ወረቀት አደሉንና «ስልካችሁን ከጀርባው ጻፉበት፤ ደንበኛ ጥያቄ ሲኖረው ለእናንተ ይደውል» አሉን። ጻፍኩ። በቆንጆ እጅ ጽሑፍ ነው የጻፍኩት።

ወሎ ውስጥ ሱቅ ገብቶ በሠላሳ ሰከንድ መናገር ነውር ነው። ሰላምታው ራሱ ከዚያ በላይ ይወስዳል። እንዴት አደራችሁ፣ ደህና ናችሁ፣ ልጆቹስ፣ ዝናቡስ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሱቆች በሥልጠናው መሠረት ሞከርኩ። አንደኛው ሳልጨርስ ሞባይል ካርድ ፈልጌ መስሎት የስንት አለኝ። አራተኛው ሰኞ ገበያ ውስጥ የአንድ ሀጂ ሱቅ ነበር። ሸበቶ ናቸው፤ መነጽራቸው በክር ታስሯል። ማውራት ስጀምር በእጃቸው በርጩማ አሳዩኝ። «ቁጭ በይ መጀመሪያ።» ቁጭ አልኩ። ሻይ መጣ። ከዚያ ስለ አፑም ስለ ድርጅቱም አልጠየቁኝም።

«የማን ልጅ ነሽ?»

አባቴ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ይሠራ እንደነበር ነገርኳቸው። እሳቸውም የሚያውቁት ሰው እዚያ ነበራቸው። አባቴን ባያውቁትም የአባቴን አለቃ ያውቁታል። በቃ፣ በዚያ አለቀ። «እንግዲያው መዝግቢኝ» አሉኝ። አፑ ምን እንደሚሠራ የነገርኳቸው ከተመዘገቡ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሊፍቱን ትቼ በርጩማውን ያዝኩ። በሁለት ቀን ከሰኞ ገበያ እስከ አራዳ 17 ሱቅ መዘገብኩ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዱቤ አለው?»

ዱቤን ለማያውቅ ሰው ይህ ተራ ጥያቄ ይመስላል። ባለሱቁ ከጅምላው ዘይትና ሳሙና ይወስዳል፤ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ሸጦ ይከፍላል። ሰርግ ሲኖር ይጠራራሉ፤ ሞት ሲኖር ይደራረሳሉ። በ2014 ጥቅምትና ህዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙ ሱቅ ተዘርፏል። አንድ የአራዳ ባለሱቅ ባዶ መደርደሪያ ላይ መልሶ የቆመው ጅምላው «ውሰድ፣ ሲኖርህ ትከፍላለህ» ስላለው እንደሆነ ነገረኝ። አፑ ግን ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ በቴሌብር። ሰዎቹ ስልክ ፈርተው አይደለም። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ሽንኩርት የምትሸጠውም ትቀበልበታለች። ግን ዘመድህን ትተህ ለማታውቀው ሰው ቀድመህ ክፈል ነው የምንላቸው።

ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት። ሁለት ገጽ ሙሉ። እያነበበ ጭንቅላቱን ይነቀንቅ ነበር። «ማንም እንዲህ አልነገረን!» አለ። ስምንታችንም እንዲህ ዓይነት ወሬ ይዘን ነው የመጣነው። ዛሬ ላይ ሳስበው ያን ጊዜ እነሱ ገና ምን እንደሚሸጡ በትክክል አያውቁም ነበር። እኛን ጠርተው በእኛ እግር ገበያውን አጠኑ። ተንኮል ነው ብዬ ግን አልደፍርም። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ነበር የሚያድረው፤ ከጠረጴዛው ሥር የተጠቀለለ ፍራሽ አይቻለሁ። ብር የለውም፣ ተስፋ ግን አለው። በብር ፋንታ ተስፋ ከፈለን፤ እኛም ተቀበልን።

«አልፈሻል» አለኝና ቅጽ ሰጠኝ። የተያዥ ቅጽ።

ተያዥ ፈልጎ የማያውቅ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍልህ፣ አንተ ብር ይዘህ ብትጠፋ እኔ እከፍላለሁ ብሎ የሚፈርም ሰው ነው። ዘመድ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ደመወዝተኛ ዘመድ መሆን አለበት። የሂጃቧ ልጅ የቀረችው እዚህ ጋ ነው። እሷም አልፋ ነበር። ግን ቤተሰቧ በሙሉ ነጋዴ ነው፤ አንድም ደመወዝተኛ የለም። ስድስት ዓመት የገበያ ሰው በብር ያመናት ልጅ የምትያዝበት ወረቀት አጣች።

እኔ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። አቦሉን ጠጥተን፣ ቶናውን ጠጥተን፣ በረካው ላይ ነው አፌን የከፈትኩት። አጎቴ ዝም አለ። የአጎቴ ሚስት ሲኒውን ማንሳት ጀመረች። እሷ እንዲህ የምታደርገው ነገሩ ካልጣማት ነው። በመጨረሻ «ምን ያህል ብር ነው?» አለኝ። ቅጹን ገለጥኩት። የብሩ ቦታ ባዶ ነው። «አብሽሪ፣ አንቺ አትጠፊም» ብሎ ፈረመ። ደብዳቤውን ለማጻፍ ሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቀ።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም። ይህንንም የነገረችኝ ያቺው ጓደኛዬ ናት። ዘግይታ ነገረችኝ።

ቅጹን አስገባሁ። «እንደውላለን» አሉኝ። አልደወሉም። መስከረም ሄደ፣ ጥቅምት ሄደ። እኔ ስደውል መጀመሪያ «ትንሽ ታገሺን»፣ ቀጥሎ «ስብሰባ ላይ ነኝ»፣ ቀጥሎ ዝግ። አጎቴ ባገኘኝ ቁጥር «ወረቀቴስ?» ይለኛል። ወረቀቱን ማስመለስ አልቻልኩም።

እነሱ ሲጠፉ የእኔ ስልክ ነው ክፍት የነበረው። ቁጥሬ 17 ሱቅ ውስጥ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ ተለጥፏል። «ልጄ፣ ዘይቱ አልመጣም።» «እህቴ፣ አፑ አይከፍትም።» «አንቺ፣ ብሩን ልኬ ሦስት ቀኔ ነው።» ሠራተኛቸው አይደለሁም እላለሁ። ማን ይሰማኛል? እነሱ የተመዘገቡት እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠይቀው ነው። ድርጅቱ ከእኔ ተያዥ ጠየቀ፤ ለድርጅቱ ግን ሰኞ ገበያ ላይ ተያዡ እኔ ነበርኩ። ያውም የብሩ መጠን ባዶ የሆነ።

ሀጂ 4,800 ብር ልከው ግማሹ ዕቃ ነው የደረሳቸው። ሁለት ጊዜ ደውለውልኛል። ሦስተኛውን አላነሳሁትም። ይህን ስጽፍ እንኳን ፊቴ ይግላል። ከዚያ በኋላ ደሴ ስሄድ በሰኞ ገበያ ማለፍ ተውኩ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምትኖር ዘመዴን ለመጠየቅ እንኳን ዙሪያውን ነበር የምሄደው።

በ2016 ኮምቦልቻ ውስጥ ሌላ ትንሽ ድርጅት ቀጠረኝ። አሁንም እዚያው ነኝ፤ ደመወዝ አለኝ፣ በጽሑፍ። ባለፈው ዓመት ለሽያጭ ሰው ስንፈልግ ከጠያቂዎቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። እስክሪብቶ አላነሳሁም። ሲቪው ላይ «ልምድ የለኝም» የሚለውን ሁሉ «ቤተሰብህ ምን ይሠራል? አንተስ ምን ታግዛቸዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ግን ላልተመረጡት ዘጠኝ ሰዎች አልደወልንም። ዛሬ ነገ ስል ወር አለፈ፤ ከወር በኋላ መደወል ደግሞ አሳፈረኝ። ዝርዝሩ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ።

ባለፈው ጥር ደሴ ላይ ታክሲው መንገድ ተዘግቶበት ሰኞ ገበያ አወረደኝ። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል፣

«አንቺ የኮምቦልቻዋ!»

ሀጂ ናቸው። በርጩማው ያው ነው። ሄጄ ቆምኩ። «አፉ በሉኝ ሀጂ፣ ስልኩን…» ብዬ ጀመርኩ።

«ቁጭ በይ መጀመሪያ።»

ሻይ መጣ። ስለ ብሩ አላነሱም። እኔ ሳነሳው በእጃቸው መለሱት። አባቴን ጠየቁ፣ አጎቴን ጠየቁ፣ ሥራ ይዣለሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ይዣለሁ አልኩ። ቋሚ ነው? ቋሚ ነው። ደመወዙ በባንክ ነው? በባንክ ነው። ለምን እንዲህ እንደሚያጣሩ አልገባኝም።

«የወንድሜ ልጅ አለች» አሉኝ። «ለሽያጭ ተወዳድራ አልፋለች፤ አንድ አዲስ ድርጅት ነው። ተያዥ አምጪ ብለዋታል። እኛ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ነጋዴ ነን።»

ሻዩን ጠጣሁ። ትኩስ ነበር።

«ቅጹን ትላክልኝ» አልኳቸው። «ብሩ ይጻፍበት እንጂ።»